መኪናዋን ከፍ አስደረጋችሁ፤ ትልቁ ጎማ ግን ይገባላታል?

ፎቶው ላይ ያምራል። ፕራዶዋ ከፍ ብላ፣ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ወፍራም ጎማ አድርጋ፣ ጭቃ ተረጭቶባት። ቪዲዮውን ያየ ወጣት ሁሉ "የኔም እንዲህ ብትሆን" ይላል።

አንድ ወጣት እንበል። ጋራዥ ሄዶ ከፊት ሞላ አናት ላይ ስፔሰር አስገባ፣ ከኋላም እንደዚያው። መኪናዋ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለች። ሞላው፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ ክንዱ በሙሉ ከፋብሪካ የመጣው ነው፤ ምንም አልተቀየረም። ከዚያ ጎሚስታ ጋር ሄዶ ትልቅ ጎማ አሳሰረ። አስፋልት ላይ ምንም ችግር የለም። ቅዳሜ ጓደኞቹን ጭኖ ከከተማ ወጣ። አንድ ጉድጓድ ጋ ሲደርስ መሪውን አጥፎ ሲገባ ከታች "ክርርር" አለ። ወርዶ ሲያየው የውስጥ ፕላስቲኩ ተቀዷል፣ አዲሱ ጎማ ትከሻው ላይ ተፍቋል።

"ከፍ አስደርጌያት የለ እንዴ? ለምን ነካ?"

ጥያቄው ጥሩ ነው። ዛሬ ይህንን በቀላሉ እናስረዳችሁ። ለምሳሌነት የምንወስደው በከተማችን ብዙ የሚታየውን ቶዮታ ፕራዶ 150 ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሌሎቹም መኪናዎች ይሠራል።

👉 መጀመሪያ ቁጥሩን እናንብብ

ብዙ ፕራዶዎች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ጎማ ጎኑ ላይ 265/65 አር 17 ይላል። ትርጉሙ ይህ ነው።

265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የጎኑ ቁመት ሲሆን የስፋቱ 65 በመቶ ማለት ነው። 17 የቸርኬው ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች ነው።

እንደምር። የ265 65 በመቶ 172 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ይባዛል፤ 344.5 ይመጣል። 17 ኢንች ደግሞ 431.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

በዚሁ ስሌት ሌሎቹን እንያቸው፦

▪️ 265/65 አር 17 (የፋብሪካው) 776 ሚሊ ሜትር
▪️ 265/70 አር 17 803 ሚሊ ሜትር፤ በ3.4 በመቶ ይበልጣል
▪️ 275/70 አር 17 817 ሚሊ ሜትር፤ በ5.2 በመቶ ይበልጣል
▪️ 285/70 አር 17 831 ሚሊ ሜትር፤ በ7 በመቶ ይበልጣል

ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ጎማ ሻጩ "ይገባል፣ አትስጋ" ሲላችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ደምሩ።

👉 ስፔሰር እና ጎማ አንድ ዓይነት ከፍታ አይሰጡም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ስፔሰር ከፍ የሚያደርገው የመኪናውን አካል ነው። ከኋላ ያለው ዲፈረንሻል ግን ከጎማው ጋር አብሮ መሬት ላይ የተቀመጠ ነው። ፕራዶ ከኋላ ወጥ አክስል ስላላት ድንጋይ የሚመታው ብዙ ጊዜ ያ እብጠት ያለበት ቦታ ነው። አካሉን 5 ሴንቲ ሜትር አይደለም 20 ብታነሱት ዲፈረንሻሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው።

ጎማውም ቢሆን የሚሰጣችሁ የልዩነቱን ግማሽ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ የሚጨመረው ከአክስሉ በላይ ነው። ወደ 265/70 ብትሄዱ ከ13 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ወደ 285/70 ብትሄዱ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለ27 ሚሊ ሜትር ምን ምን እንደሚከፈል ከታች እናያለን።

👉 ታዲያ ከፍ ካለች በኋላ ለምን ይነካል?

መኪናዋ ቆማ ስታዩት በጎማው እና በፓራፋንጎው መካከል ሰፊ ክፍተት ይታያል። የሚያታልለው ያ ክፍተት ነው።

መኪና ስትሄድ ጎማው አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች ይወርዳል፣ እብጠት ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሪ ሲጠመዘዝ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል። ቆሞ የታየው ክፍተት ሞላው ሲጨመቅ ይጠፋል።

ሌላው ደግሞ የፊትና የኋላ ቦታ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ ስታጥፉት የጎማው አንዱ ጠርዝ ወደ ፓራውልቱ በኩል ይሄዳል፣ ሌላው ጠርዝ ወደ በሩ በኩል ይመጣል። በበሩ በኩል ከፕላስቲኩ ጀርባ አካሉ ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ብረት አለ። ስፔሰር ይህንን ብረት አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ አይገፋውም። ጎማው በቁመት ሲጨምር ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይጨምራል። ስለዚህ ከፍ ማድረግ ብቻውን መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የሚነካባቸው ቦታዎች በቅደም ተከተል ሲታዩ ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ የፊት የውስጥ ፕላስቲክ፣ ጭቃ መከላከያው ላስቲክ፣ ከኋላው ያለው ብረት፣ እና ጎማው ሰፊ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ክንድ። ፕላስቲክ ሲነካ ድምፅ ነው። ብረት ሲነካ ግን ጎማውን እየቆረጠ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በፍጥነት እየሄዱ የፊት ጎማ መፈንዳት ምን ማለት እንደሆነ የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል።

👉 የፋብሪካው ዕቃ ምን ይደርስበታል?

ከፊት ያለው ሾክ አብዞርበር እና ሞላ የሚቀመጠው በታችኛው ክንድ መሀል አካባቢ እንጂ ጎማው ጋ አይደለም። ስለዚህ ከአናቱ የምታስገቡት ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ የተጠጋ ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር የሆነች ቁራጭ መኪናዋን 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ልታነሳ ትችላለች። "ትንሽ ነገር ናት" ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ከፍ ስትል ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ። ከዚያ ተከታትሎ የሚመጣው ይህ ነው፦

▪️ ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መታጠፊያው ላይ ያለው አንግል ይጨምራል። ላስቲክ ሽፋኑ በቶሎ ይሰነጠቃል፣ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ ስትታጠፉ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ድምፅ ይጀምራል።

▪️ ቦል ጆይንቱ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ከተሠራለት አንግል ጫፍ ይደርሳል።

▪️ የፍሬን ጎማ ቱቦ እና የኤቢኤስ ገመድ ይወጠራሉ። ጎማው ተንጠልጥሎ መሪው ሲታጠፍ ቱቦው ቀጥ ካለ አደጋ ነው።

▪️ ከኋላ ደግሞ ሞላው ላይ ስፔሰር ገብቶ ሾክ አብዞርበሩ የፋብሪካው ከሆነ፣ ቆማችሁም ሳለ በከፊል ተዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ያንሰዋል፤ ቶሎ ጫፍ ይደርስና "ጓ" ይላል።

▪️ አላይመንቱ ይበላሻል። በተለይ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ ራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚያደርገው አንግል ይቀንሳል። መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ መንገድ ላይ መዋለል ትጀምራለች፣ ጎማውም በአንድ ወገን ይበላል።

የመጨረሻውን ለማስተካከል አላይመንት ግድ ነው። ነገር ግን የፋብሪካው የላይኛው ክንድ እንዳለ ከሆነ ማስተካከል የሚቻለው እስከ አንድ ገደብ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ብዙዎቹ ከገደቡ ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ለከፍታው የተሠራ ሌላ ክንድ ይፈለጋል።

👉 ቸርኬ ከቀየራችሁ ስሌቱ እንደገና ይጀመራል

ጎማው ልክ ሆኖ ቸርኬው የሚያበላሽበት ጊዜ አለ። ቸርኬ ኦፍሴት የሚባል ቁጥር አለው፤ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። "ወጣ ያለ" ቸርኬ ሲታይ ያምራል፣ ከላይኛው ክንድም ያርቃል። ግን መሪ ሲታጠፍ ጎማው የሚሽከረከርበት ክብ ይሰፋል። ስለዚህ ፓራውልቱን እና ያንን ከኋላ ያለውን ብረት ይበልጥ ይነካል። ኩሽኔታውም የማይመቸው ጭነት ይሸከማል።

ስለዚህ ትልቅ ጎማ ከፈለጋችሁ ብዙ ጊዜ የፋብሪካውን ቸርኬ መተው ይሻላል።

👉 ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ፍሬን

ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይጨምራል፣ ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም። 285/70 ላይ ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ የምትሄዱት በስሌቱ 107 ነው። 80 ሲል ወደ 86 ይጠጋል። ትራፊክ ፖሊስ ራዳር ይዞ ሲያስቆማችሁ "ቆጣሪዬ 80 ነው የሚለው" ማለት አያድንም። 10,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ብላችሁ ዘይት ስትቀይሩም በእውነቱ 10,700 ሄዳለች።

ጉልበትም ይቀንሳል። ትልቅ ጎማ ማለት ካምቢዮው ሁሉ ትንሽ "ረዘመ" ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻ ከተማ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር እዚህ ቀድሞውንም ጉልበቱ ተቀንሶበታል። ላዩ ላይ 7 በመቶ ስትጨምሩበት የእንጦጦ ዳገት ላይ ይታወቃችኋል።

ከዳገቱ ይልቅ ግን ቁልቁለቱ ነው የሚያሳስበው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው ፍሬን ምን ያህል እንደሚግል ያውቃል። ፍሬኑ ጎማውን የሚይዘው ከመሀል ነው፤ ጎማው መሬት የሚነካው ደግሞ ከጠርዝ። ጠርዙ ከመሀሉ በራቀ ቁጥር ፍሬኑ ለተመሳሳይ ውጤት የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ጎማው 7 በመቶ ቢተልቅ ፍሬኑም 7 በመቶ ያህል የበለጠ መሥራት አለበት። በማርሽ መያዝም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ከባድ ነው፤ ውፍረት ያለው ጎን ያለው ከሆነ በአንድ ጎማ የብዙ ኪሎ ልዩነት አለ። ቤተሰብ ጭናችሁ፣ ጣራ ላይ ዕቃ አስራችሁ በረሃ ስትወርዱ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይደመራል።

👉 መገልበጥ

መኪና ከፍ ሲል የክብደቱ መሀል አብሮ ከፍ ይላል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት፣ ለክብደቱ መሀል ቁመት እጥፍ ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ለመገልበጥ ይቀርባል።

ለምሳሌ ስፋቱ 158 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 75 ቢሆን 1.05 ይመጣል። ቁመቱ በ7 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ 82 ሲሆን 0.96 ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በድንገት አህያ ገብቶባችሁ መሪ ስትጠመዝዙ የምትለየው ያቺ ትንሽ ቁጥር ናት። ከፍ ያለች መኪና እንደ ድሮዋ አትነዳም፤ መንዳቱም ይቀየር።

👉 እሺ፣ ታዲያ የቱ ይገባል?

በፕራዶ 150፣ የፋብሪካው ቸርኬ እንዳለ ሆኖ፦

✅ 265/70 አር 17፦ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ሳይደረግም ይገባል። ቆጣሪዎች ከፋብሪካ ትንሽ አብዝተው ስለሚያሳዩ ፍጥነቱም ወደ እውነቱ ይጠጋል። ዕለት ተዕለት ከተማ እየነዳ በበዓል ገጠር ለሚወጣ ሰው ይህ ይበቃል።

⚠️ 275/70 አር 17፦ ድንበር ላይ ነው። ከፍ ያለች መኪና ላይ ሊገባ ይችላል፣ ፕላስቲኩን ግን አንዳንዴ ይነካል። አላይመንት በደንብ መሠራት አለበት።

❌ 285/70 አር 17፦ በስፔሰር ብቻ አይሞከርም። አላይመንት፣ ፕላስቲክ መቁረጥ፣ አንዳንዴም ያንን ከኋላ ያለውን ብረት ቆርጦ እንደገና መበየድ ይጠይቃል። ብየዳው ሻሲ አጠገብ ስለሆነ ለማንም የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

መኪና ከመኪና ይለያል። ሞላው የደከመ፣ ፓራውልቱ የተቀየረ፣ ተገጭታ የተጠገነች መኪና ሌላ ውጤት ልትሰጥ ትችላለች። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩ።

👉 ሙከራው እንዲህ ነው

1. ጓደኛ ካላችሁ ወይም ጎሚስታው ከፈቀደ የምትፈልጉትን ልክ አንድ ጎማ ተውሳችሁ ከፊት እሰሩ። አራቱንም አትግዙ።

2. መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻ አጥፉ። ወደ ኋላ እየሄዳችሁም ሞክሩ፤ ወደ ፊት ሳይነካ ወደ ኋላ የሚነካበት ጊዜ አለ።

3. ጎማው ትከሻ ላይ ጠመኔ ቀቡ። ከዚያ በዝግታ ያንን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ አውጡት፣ ሞላው እንዲጨመቅ። መሪውን አጥፉ። ጠመኔው የጠፋበት ወይም ሌላ ቦታ ላይ የታተመበት ቦታ ካለ እዚያ ይነካል።

4. መኪናዋን በክሪክ አንሱና ጎማው ይንጠልጠል። መሪውን አጥፋችሁ የፍሬን ቱቦውን እዩ፤ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ከሆነ አቁሙ። ክሪክ ብቻ ይዞት መኪና ስር መግባት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ማስደገፊያ ብረት ይቀመጥ።

5. ትርፍ ጎማው ቦታው ላይ ይገባ እንደሆነ እዩ። ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አብዛኞቹ ፕራዶዎች ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱ ናቸው። አራቱ ትልልቅ ሆነው ትርፉ ትንሽ ከሆነ፣ ጎማ ፈንድቶ ትንሹን አስራችሁ ረጅም መንገድ ስትሄዱ መሀል ያለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል። ስለዚህ የሚገዛው አምስት ጎማ ነው። በጀታችሁን በአምስት አስሉ።

👉 ጎማውን ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ

አንደኛ፣ ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር። ለምሳሌ 112 ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከፋብሪካው ያነሰ ቁጥር አትቀበሉ፣ ጎማው ትልቅ ስለሆነ ብቻ የበለጠ ይሸከማል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የተሠራበትን ጊዜ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ የሚመስል ጎማ ዓመታት መጋዘን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በሙቀት ይፈነዳል።

አንድ ነገር እንጨምር። ቦሎ ለማሳደስ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ከዚያም አልፎ ከመቀየራችሁ በፊት፣ የተቀየረ ነገር ምን እንደሚባል ጠይቁ። የኢንሹራንስ ውላችሁንም አንብቡ። አደጋ ከደረሰ በኋላ "ይህ ከፋብሪካው ውጪ ነው" ከሚባል በፊት ማወቅ ይሻላል። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ እንዲህ ያለ ለውጥ ሳይመረመርና ሳይመዘገብ መንዳት እንደማይፈቀድ ታውቁታላችሁ።

👉 ወደዚያ ወጣት እንመለስ

ፕላስቲኩን ቆርጦ፣ ድምፁን ለምዶ መንዳቱን ሊቀጥል ይችላል። ብዙዎች የሚያደርጉት ይህንን ነው። የተሻለው ግን ይህ ነው፦ ጎማውን ጥርሱ ሳያልቅ ሸጦ ወደ 265/70 መመለስ፣ አላይመንት ማሠራት፣ የፍሬን ቱቦውንና የዘንጉን ላስቲክ ማስፈተሽ። የሚያጣው ከአክስሉ በታች 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። የሚያተርፈው ደግሞ የሚይዝ ፍሬን፣ የማይዋልል መሪ እና ተሳፋሪዎቹን በሰላም ማድረስ ነው።

285 ግድ ነው የሚል ደግሞ መብቱ ነው። ግን ሥራውን ከላይ ይጀምር፦ መጀመሪያ ለከፍታው የተሠራ ሞላና ሾክ አብዞርበር፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ከዚያ አላይመንት፣ መጨረሻ ላይ ጎማ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ፎቶ ላይ የሚታየው እሱ ነው።

መኪናውን ከፍ ሊያስደርግ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ፣ ጎሚስታው ጋ ከመድረሱ በፊት ይህንን ላኩለት።